በገናና ሰሚው

ጆሮ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ሰሚ ግን ጥቂት ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው የአገራችን ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ይኸውም ሰው ሁሉ የሚያወራውን ነውር የነውሩ ባለቤት ከሁሉ በኋላ ይሰማዋል ለማለት ነው። እኔ ግን ዕድሜዬ ከስድሳ ካለፈ ወዲህ ነገሩን ሳሰላስለው፥ ይህ ተረት ከሐሜት ይልቅ ለዜማ የተነገረ መስሎ ታየኝ። የምክር ዜማ በሰማን ጊዜ ጣዕሙን ለራሳችን እናስቀራለን፤ ተግሣጹን ግን ለጎረቤታችን እንልካለን። ደርዳሪውን እያመሰገንን፥ ከተናገረው ነገር አንዱን እንኳ ሳንቀበል እንተኛለን።

ይህን ለማስረዳት ብዙ ሰው የሚያደንቀውን አንድ የታወቀ አልበም ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ። አልበሙ የአቶ ዓለሙ አጋ የበገና መዝሙር ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በገና ደርዳሪውን ለመንቀፍ እንዳይመስልህ። የምነቅፈው ሰሚውን ነው፤ ከሰሚዎቹም መካከል አስቀድሜ ራሴን ነው።

አቶ ዓለሙ አጋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. በእንጦጦ ተወለዱ። ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ከተባሉት ታላቅ የበገና መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንተዋል፤ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በገና አስተምረዋል። በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲንትያ ኪምበርሊን የተባሉ የሙዚቃ ተመራማሪ የእሳቸውን ድርደራ ለዩኔስኮ ቀዱት። በደርግ ዘመን የሃይማኖት ዜማ ከአደባባይ ሲርቅ በገናም አብሮ ራቀ። ከዚያ በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ፥ ፓሪስ ላይ ቡዳ ሙዚክ በሚባለው አሳታሚ በኩል፥ የኢትዮጵያን ዜማ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም በተከታታይ ማሳተም ሲጀምሩ፥ ከተከታታዩ 11ኛው ለአቶ ዓለሙ በገና ተሰጠ። ስሙም «የንጉሥ ዳዊት በገና» ተባለ። በዚህ ተከታታይ ውስጥ ከሚገኙት ብዙዎቹ በናስ መለከትና በኤሌክትሪክ ጊታር የታጀቡ የከተማ ዘፈኖች ናቸው። በእነዚያ መካከል አንድ ሰውና አንድ መሣሪያ ብቻ፥ ያለ አጃቢና ያለ ጭብጨባ ተቀምጠው ሲሰሙ፥ በገበያ መካከል ዳዊት የሚደግም ሽማግሌ ይመስላሉ።

በገና ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ የተለየ ማዕርግ አለው። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ ክራር የጨዋታና የፍቅር ነው፤ ዋሽንት የእረኛ ነው፤ በገና ግን ለጸሎትና ለጥሞና የተለየ ነው። በቅዳሴና በማኅሌት አይገባም፤ ቦታው ቤት ነው፤ ጊዜውም ይልቁንም ዐቢይ ጾም ነው። አባቶች ዐሥሩን አውታር በዐሠርቱ ቃላት ይመስሉታል። ዐፄ ቴዎድሮስ፥ እዚሁ በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። ሥልጣን ያለው ሰው፥ ማንም ሊገሥጸው የማይደፍረው ሰው፥ በገዛ እጁ ራሱን የሚገሥጽበት መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል። የመንዝን በግ የማያውቅ የለም፤ ጠጉሩ ረጅም ነው፥ ከብርድ ጋር የተስማማ ነው፤ ጠጉሩ ተፈትሎና ተሠርቶ ባና ይሆናል፤ በጓሳ ነፋስ የሚንቀጠቀጠውን ሰው የሚያሞቀው እሱ ነው። የበግም አንጀት ታጥቦና ተከርሮ ሲደርቅ የዳዊት አውታር ይሆናል። እንግዲህ ጠጉሩ ሥጋን ሲያሞቅ አንጀቱ ነፍስን ያነቃል። ይህን በግ ማን እንደሚጠብቀው ግን ኋላ እናገራለሁ፤ ነገሬ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

በገናን መጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ አልወደድሁትም። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አርሞኒየም ነበረ፤ መዝሙሩን በአራት ድምፅ ከፍለን እንዘምር ነበር። መምህሮቻችን ጊዜ መጠበቅን፥ ቃልን አጥርቶ ማውጣትን፥ ከጓደኛ ድምፅ በላይ አለመጮህን አስተማሩን፤ ይህም እስከ ዛሬ ጠቅሞኛል። ነገር ግን በወጣትነት አእምሮዬ፥ ዜማ ማለት እንደ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ የሚያበቃ ነገር ብቻ ነው የሚል አሳብ አደረብኝ። አሳቡ የእኔ ነው እንጂ የመምህሮቼ አይደለም። ስለዚህ ኋላ መምህር ሆኜ በመንዝ ሳለሁ አንድ የሥራ ጓደኛዬ የአቶ ዓለሙን መዝሙር ከሲዲ ወደ ካሴት አስገልብጦ ከአዲስ አበባ ባመጣልኝ ጊዜ፥ የበገናው ድምፅ እዝዝ ሲል የቴፑ ብልሽት መሰለኝ። ቴፑን ከፍቼ በአረቄ በነከርሁት ጥጥ ጠረግሁት፤ ባትሪውንም ለወጥሁ። ድምፁ ግን ያው ነው። ጓደኛዬ እስኪበቃው ስቆብኝ፥ «የተበላሸው ቴፑ አይደለም፤ የተበላሸው ያንተ ጆሮ ነው» አለኝ።

በእርግጥም ብልሽት አልነበረም። በእያንዳንዱ አውታርና በርኩማ በሚባለው ድልድይ መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲነካ ያችን ቆዳ እየመታ ስለሚንቀጠቀጥ ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ይሆናል። ሠሪው አውጥቶ ሊጥላት ቢፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ጥርት ያለ ይሆናል፤ በገና መሆኑ ግን ይቀራል። ጥርት ያለ ድምፅ በጆሮ ገብቶ ቶሎ ያልፋል። እንዝራ ያላት ድምፅ ግን ከተመታች በኋላ በደረት ውስጥ ትቆያለች። እኔ ጉድለት ያልሁት ነገር የመሣሪያው ዋና ጥበብ ነበር። ስንት ነገር ይሆን በትምህርታችን ትዕቢት ብልሽት ብለን የጠረግነው!

ሁለተኛው ያልወደድሁት ነገር የዜማው መመላለስ ነው። ያው ዜማ ይሄዳል፥ ይመለሳል፥ እንደ ገናም ይሄዳል። ይህን የተረጎመልኝ መጽሐፍ ሳይሆን የገብስ እርሻ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ተቀምጬ አንድ ገበሬ ሲያርስ አየሁ። ማሳው ባለፈው ሳምንት የታረሰ ነበር። ለምን እንደሚደግመው ብጠይቀው፥ መጀመሪያ ያረሰው አፈሩን ለመስበር እንደ ሆነ፥ ዘሩ የሚገባው ግን ሲደጋገም እንደ ሆነ ነገረኝ። በገናም እንዲሁ ነው። የሚመለሰው አዲስ ነገር አጥቶ አይደለም፤ የሰሚው ልብ በአንድ እርሻ ስለማይለሰልስ ነው።

አሁን ስለ አቶ ዓለሙ አዘማመር ጥቂት ልናገር። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ጌጥም አያበዙበትም። አስቀድሞ ጣታቸው ለብቻው ይሄዳል፤ ሰሚው ከቀኑ ጫጫታ ወጥቶ እስኪመጣ የሚጠብቀው ይመስላል። ቃሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲመጣም ዘፈንና ንግግር በሚገናኙበት ወሰን ላይ ይቆማል፤ አንድ አባት ማታ በእሳት ዳር ልጁን ሲመክር የሚያወጣው ድምፅ ነው። አውታሩና ድምፁም አይሽቀዳደሙም፤ አንዱን መንገድ አብረው ይሄዳሉ። ዐሥር አውታር ቢኖርም በጣት ሲደረደር ዐሥሩም አይመታም፤ ከመካከላቸው ጣት ማሳረፊያ ብቻ የሚሆኑ አሉ። ሳይሰሙ የሚያገለግሉ አውታሮች መሆናቸውን ሳውቅ፥ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ስማቸው ሳይጠራ የሚያገለግሉት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

ከመዝሙሮቹ መካከል አንዱ «አባታችን ሆይ» ይባላል፤ ሌላው «ተው ስማኝ አገሬ» ይባላል። የሁለቱ ስሞች ብቻ እንኳ ለአንድ ሰው የሚበቃ ትምህርት ናቸው። «አባታችን» ያለ ሰው ሌላውን ሰው ወንድም ብሎ ተቀብሏል፤ ይቅርታም የሚለምነው የበደለውን ይቅር እያለ እንደ ሆነ ቃል ገብቷል። «ተው ስማኝ አገሬ» ሲባል ደግሞ ሁላችን ራሳችንን እንነቀንቃለን፥ «እውነት ነው፤ ይህ አገር አልሰማ ብሏል» እንላለን። አገር ግን ማን ነው? ተራራው ጆሮ የለውም፤ የጀማ ወንዝም አይመከርም። አገር የተባልሁት እኔና አንተ ነን። ዘማሪው ስማኝ የሚለው እኛን ሆኖ ሳለ፥ እኛ ከዘማሪው ጎን ቆመን ሌላ የማይሰማ አገር እንፈልጋለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይህ ነው።

የዚህን አልበም አድናቂዎች በዕድሜዬ ብዙ አጋጥመውኛል፤ ሦስት ወገን አድርጌ ልከፍላቸው እችላለሁ።

አንደኛው ወገን ለዕረፍት የሚሰማው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲባክን ውሎ ማታ በገናውን ይከፍታል፤ መንፈሱ ይረጋጋል፥ እንቅልፍም ይወስደዋል። ይህን አልነቅፍም፤ በገና የታወከን ልብ ማሳረፉ ከጥንት የታወቀ ነው። ንጉሥ ሳኦል ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ወጣቱ ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አንድ አስደንጋጭ ነገር ያገኛል። ያው ሳኦል፥ ያው ዳዊት በገና እየደረደረለት ሳለ፥ ጦር ወረወረበት። በገናው ሳኦልን አሳረፈው እንጂ አልለወጠውም፤ ቅንዓቱ በልቡ እንደ ተቀመጠ ነበርና። ዕረፍት ብቻ የሚፈልግ ሰሚ እንዲህ ነው፤ ዜማው ሲያልቅ ጦሩ ካለበት ይገኛል።

ሁለተኛው ወገን ለኩራት የሚሰማው ነው። «የንጉሥ ዳዊት በገና ያለው በእኛ ዘንድ ነው፤ ፈረንጅ እንኳ አድንቆ አሳተመው» ይላል። በአገር ቅርስ መኩራት መልካም ነው። ቅርሱን የሚጠብቀው ግን ኩራቱ ብቻ አይደለም። በገናውን በሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው አይቻለሁ፤ በቤቱ ግን የሚደረድረው የለም፤ ልጆቹም አውታሩ ስንት እንደ ሆነ አያውቁም። በእንግዳ ፊት ይመካበታል፤ ለብቻው ሲሆን አይሰማውም።

ሦስተኛው ወገን ቋንቋችንን የማያውቀው የሩቅ አገር ሰው ነው። እሱ ቃሉን ስለማያውቅ ድምፁን ብቻ ይሰማል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ያየን እንደ ሆነ፥ እሱም በዚሁ ተከታታይ 21ኛው ሆኖ ታትሟል፤ ቃል ስለሌለበት አገሬውና እንግዳው በእኩል ይሰሙታል። በገና ግን የቃል አገልጋይ ነው፤ ቃሉ የቀረበት ሰው ምግቡን ሳይሆን መዓዛውን ብቻ ወስዷል። ሆኖም ለዚህ ወገን ምስጋና ይገባዋል። ሳያውቀው እንኳ ጸጥ ብሎ፥ ሌላ ሥራ ትቶ ይሰማል፤ እኛ ግን ቃሉን እያወቅን ሽንኩርት እየከተፍን፥ ስልክ እየተነጋገርን እንሰማዋለን። ቃሉ የሌለው ትኩረት አለው፤ ቃሉ ያለው ትኩረት የለውም።

አንባቢ ሆይ፥ «አንተስ ከየትኛው ወገን ነህ?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። እኔ ከሦስቱም የማልሻል አራተኛ ነበርሁ፤ እያለቀስሁ የምሰማ ነበርሁ። እንዴት እንደ ነበረ ልንገርህ።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፥ በመንዝ ደጋ በአንዲት መንደር ሳስተምር ነው። በስድስተኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረ፤ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ቢሆን ነው። ወላጆቹ ሞተውበት በሰው ቤት በእረኝነት ተቀጥሮ ይኖር ነበር። ጧት በጎቹን አሰማርቶ ለሌላ እረኛ ሳያስረክብ ወደ ትምህርት ቤት መምጣት አይችልም ነበርና ሁልጊዜ ያረፍድ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርሁ፤ ሦስት ቀን ያረፈደ ተማሪ ወላጁን ሳያመጣ አይገባም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ። በዐቢይ ጾም አንድ ጧት፥ ውርጩ ገና በሣሩ ላይ ሳለ፥ ልጁ እጁን በብብቱ ሸጉጦ ዘግይቶ መጣ። «ወላጅህን ይዘህ ና» አልሁት። ወላጅ እንደሌለው አውቃለሁ። እሱም ማወቄን ያውቃል። ምንም ሳይመልስልኝ ጥቂት ቆመና ተመልሶ ሄደ።

በዚያው ቀን ማታ በተከራየሁበት ቤት እሳት ዳር ተቀምጬ ካሴቱን ከፈትሁ። ዝማሬው የሰውን ከንቱነትና የሞትን አይቀሬነት ሲያነሣ እንባዬ መጣ። የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው የገፋ፥ ባና ለብሰው ጥጋቸውን ይዘው የሚቀመጡ ባልቴት ነበሩ። ሳለቅስ አይተው ደነገጡ።

«መምህር፥ ምን ሆንህ? ሰው ሞተብህ ወይ?» አሉኝ።

«የለም እማማ፤ ዜማው ልቤን ነክቶት ነው» አልኋቸው።

እሳቸውም ጥቂት አዳመጡና «ደግ ነገር ይናገራል» አሉ። ቀጥለውም፥ «ለመሆኑ ያን ልጅ አስገባኸው? ጧት እያለቀሰ በደጄ ሲያልፍ አይቼው ነበር» አሉኝ።

«አላስገባሁትም፤ ደንብ ነው» አልሁ።

«እንግዲያስ ልብህን አልነካውም፤ ዓይንህን ነው የነካው» ብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ።

በነጋው ልጁን ላስጠራው አስቤ ነበር። ነገር ግን ራሴ ያወጣሁትን ደንብ ራሴ ባፈርስ ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። «ነገ» እያልሁ ሳምንት አለፈ። ከዚያ በኋላ ሰው ብልክበት ወደ ደብረ ብርሃን ሥራ ፍለጋ መሄዱን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ምን ሆኖ እንደ ሆነ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ግን እኔ ማታ ማታ በገናውን መስማቴን፥ ማልቀሴንም አልተውሁም። ይህን ስጽፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ልጁን መበደሌ አንድ ነገር ነው፤ በደሌን እንዳላይ እንባዬ ራሱ ሸፈነኝ። ባለቅስ ጊዜ ደግ ሰው የሆንሁ መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ ነው የዳዊት ታሪክ የገባኝ። ዳዊት በገና ደርዳሪ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ቀን ሰሚም ሆኖ ነበር። የሰውን ሚስት ወስዶ ባሏን በጦርነት ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እሱ መጣ። ናታን አልጮኸበትም፤ አንድ ታሪክ ነገረው። ብዙ በግ የነበረው ባለጠጋ፥ እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከራሱ መንጋ ማረድ ሳስቶ፥ አንዲት ጠቦት ብቻ የነበረችውን የድኻውን ጠቦት ወሰደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ፤ በባለጠጋው ላይም ሞት ፈረደ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ስሜቱም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ስለ ሌላ ሰው የተነገረ መስሎት ነበር። ናታን የዚያን ጊዜ ሰውዬው አንተ ራስህ ነህ ብሎ ገለጠለት። በገናውን በእጁ የያዘው ንጉሥ፥ ያን ሁሉ መዝሙር የዘመረው ንጉሥ፥ ስለ ራሱ የተነገረውን ለመስማት ሌላ ሰው አስፈልጎታል። እንግዲህ ዳዊት ይህን ያህል ከደነቆረ እኔና አንተ እንዴት አንደነቁር!

ነገር ግን በሳኦልና በዳዊት መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከት። ሁለቱም ነገሥታት ነበሩ፤ ሁለቱም በደለኞች ነበሩ። ሳኦል ባሳረፈው ሰው ላይ ጦር ወረወረ፤ ዳዊት ግን ባቆሰለው ሰው ፊት በደሌ ነው አለ። ታላቁ ሰሚ በዜማ ደስ የሚለው አይደለም፤ ዜማው ወደ ራሱ ሲዞር የማይሸሸው ነው። እኔ ባልቴቲቱ ናታን ሆነው ሲመጡልኝ ጦር አልወረወርሁም፤ ነገር ግን በደሌ ነው ብዬም አልተነሣሁም። በሁለቱ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ሰው የሚቀረውም እዚያ ነው።

ስለዚህ የአልበምን ነገር ሲያመሰግኑ ጉድለቱንም መናገር ያስፈልጋል። ካሴት ወይም ሲዲ ሰሚውን አያየውም። በቀድሞ ዘመን ደርዳሪው በአንድ ቤት፥ በአንድ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ሲደረድር ሰሚውን ያውቀዋል፤ የሰሚውን ፊት ያያል፤ ሰሚውም በሚያውቁት ሰዎች ፊት ስለሚሰማ ሊደበቅ አይችልም። አሁን ግን በገናው በእጃችን ላይ ነው፤ ሲከብደን እንዘጋዋለን፤ ሲጥመን ብቻ እንከፍተዋለን። ዳግመኛም መዝሙሮቹ ሁሉ አንድ ቀለም ስላላቸው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ የሚሰማቸው ሰው ጆሮው ይዝላል፤ የመጀመሪያውን ቃል የመጨረሻው ያስረሳዋል። ይህ የዘማሪው ጥፋት አይደለም። ለብዙ ሌሊት የተሠራውን ነገር በአንድ ሰዓት አከማችቶ ማቅረብ የማሳተም ጠባይ ነው። እንዲህም ሆኖ ይህ አልበም ባይታተም ኖሮ በመንዝ ደጋ ያለሁት የሚሲዮን ተማሪ በገናን በዕድሜ ዘመኔ ሳልሰማ በቀረሁ ነበር። ስለዚህ ጉድለቱን ማሟላት የሰሚው ተግባር ነው።

እንዴት ይሟላል ለሚል አንባቢ ከራሴ ውድቀት የተማርሁትን ሦስት ነገር እነግረዋለሁ።

አንደኛ፥ በአንድ ሌሊት አንድ መዝሙር ብቻ ስማ። እጅህ ሥራ ይፍታ፤ ስልክህ ይዘጋ። ሲያልቅ ሁለተኛውን ሳትከፍት በዝምታ ጥቂት ቆይ፤ እንዝራዋ በደረትህ ውስጥ ሥራዋን የምትሠራው ዜማው ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፥ ቃሉ ስለ ሀብታም ሲናገር ሀብታሙን፥ ስለ ሹም ሲናገር ሹሙን አትፈልግ። በትንሹም ቢሆን በአንድ ሰው ላይ ሀብታም፥ በአንድ ሰውም ላይ ሹም የማይሆን ሰው የለም። እኔ ሹመቴ የአንድ ክፍል በር ብቻ ነበረ፤ አንድን ልጅ ከትምህርት ለማስቀረት ግን በቅቷል።

ሦስተኛ፥ እንባህን አትመነው። እንባ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምስክር ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። ያለቀስህበት ሌሊት ሲነጋ ያስቀየምኸውን ሰው ደጅ አንኳኳ። «ነገ» አትበል፤ ነገ ያልሁት ልጅ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዷልና።

ያ ካሴት ዛሬም አለኝ፤ ከብዛት የተነሣ ድምፁ ደክሟል። ልጆቼ በስልክ ሊገለብጡልኝ ይፈልጋሉ፤ ይሁን ብያቸዋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አንዱን መዝሙር እሰማና፥ በጎቻቸውን አሰማርተው የሚያረፍዱ ልጆች ካሉ መምህሮቹን ጠይቄ ደብተር እገዛላቸዋለሁ፤ በሩም እንዲከፈትላቸው እለምናለሁ። ይህ የዚያን ልጅ ዕዳ አይከፍልም፤ እንደሚከፍልም አድርጌ አልናገርም። ነገር ግን በጎቹን የሚጠብቅ ልጅ ከደጅ ቆሞ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፥ እኛ ከበግ አንጀት በተሠራው አውታር ቤታችን ውስጥ ሆነን ብናለቅስ፥ በገናውን አድንቀናል እንጂ ሰምተነዋል ለማለት አንችልም።